በራብ ዘመን የተደፋ ገንፎ

ኡም ራኩባ፣ ሱዳን፣ ጥር 1977 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰንብተሃል? የኸሽም ኤል ቂርባ ጥጥ ለቀማ ወገብህን አጎበጠው ወይስ አንተ አሸነፍኸው? እኛ እግዜር ይመስገን አለን። አቧራውም አለ፣ ዝንቡም አለ፣ እናታችንም አለች።

የምጽፍልህ የውርደት ወሬ ነው። ሰው ሁሉ ለእፍኝ የዱራ ማሽላ በሚሰለፍበት በዚህ የስደተኛ መጠለያ ምግብ በመድፋት የተከሰሰ አንድ ቤት ብቻ አለ፤ እሱም የእኛ ነው። ከጎጇችን ጀርባ ገንፎ ተደፍቶ ተገኘ። ያውም የኮመጠጠ!

የሰፈራችን ተጠሪ ጋሽ አንዳርጌ ነጋሪት ማስጎሰም ብቻ ነው የቀረው። ሽማግሌ አስከትሎ መጣና ገንፎውን ቁልቁል እያየ ንግግር አደረገ። ይህን ለማብሰል ግራር ተቆርጧል አለ። እውነቱን ነው፤ ዙሪያችን መላጣ ሆኖ፣ ማለዳ ለእንጨት የወጣች ሴት የምትመለሰው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ውኃውም በጀርባ መጥቷል፤ ስትደፉት ደግሞ ዝንብ ይፈላበታል፣ ዝንቡም ልጆቻችንን ይፈጃል አለ። ማን ነው የደፋው?

እናታችን፣ እኔ ነኝ አለች። የልጄ ድርሻ ነው፤ ሲያድር ይበላሻል፣ በማግስቱ ትኩስ እተካለታለሁ።

መቼ ነው የሚመጣው ቢላት፣ ሲርበው፣ አለችው።

ጎረቤታችን ያለምወርቅ ጣልቃ ገብታ፣ እንግዲያ በወኪል ይብላ! አለች። ተመክሮ ተፈረደ፦ ድርሻህን ሳያድር፣ በዕለቱ ከድንበር የገባ መንገደኛ ይበላልሃል። እናታችን በግድ እሺ አለች። ስንት ወኪል አለህ መሰለህ! አንዱማ ጢሙን እያበሰ፣ ጨው አንሶታል ብሎ አሳፈረን።

ይኸው የሚደፋ የለም። ዝንቡ ወደ ያለምወርቅ ቤት ተሰደደ። ሁለት ሦስት ቤትም እንጨት ለመቆጠብ አንድ ድስት መጣድ ጀምሯል። ጋሽ አንዳርጌ አርአያ ናችሁ እያለ በየጎጆው ይሰብካል።

ብቻ ደከመኝ፣ ወንድሜ። አንተ ከሄድህ ወዲህ የሚሰፈርልን ለሁለት ሰው ነው። የሚበሉትም ሁለት ናቸው፤ አንተና እኔ። ይህን ጋሽ አንዳርጌ አያውቅም፤ እንዳልናገር አስምላኛለች። ዱራ አይስማማኝም ትላለች። አምባሯ ዛሬ ክርኗ ድረስ ይወጣል። የእኔን ላካፍላት ስል ትቆጣለች። የእሱን ብዪ ስላት፣ ራሱ ጠገብሁ ሳይለኝ? ትላለች። ከአንተ የመጣ አስመስዬ ደብዳቤ አነበብሁላት፤ ገና ከመሐሉ አቋርጣ፣ ልጄ እንዲህ አያሽሟጥጥም፣ ይህ ያንቺ ምላስ ነው አለችኝ።

ይህን የሚያደርስልህ የሎሪው ረዳት አደም ነው። መልስ ሳትሰጠው አትልቀቀው። መምጣት ባይሆንልህ እንኳ በራስህ አነጋገር፣ ያለ ቀልድ፣ «ጠግቤአለሁ፤ ድርሻዬን እናቴ ትብላልኝ» ብለህ ጻፍ። ባትጠግብም ጻፈው። ዛሬውኑ።

የቂርባ ፀሐይ ይራራልህ፣ እጅህን እሾህ አይንካው፣ እመቤታችን ከፊትህ ትቅደም።

ታናሽ እህትህ