የግራው እጅጌ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? የስፌት መኪናሽ አሁንም እንደ በፊቱ ታጉረመርማለች ወይስ ዘይት አግኝታ ዝም ብላለች? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ስለ ዓይንሽ አሁን አልጠይቅም፤ ወደ እሱ እደርሳለሁ።

መጀመሪያ ይህን ስሚ፦ ይህን ከተማ የማለብሰው እኔ ነኝ። ሙሉ ከተማውን። እሺ፣ ሙሉውን አይደለም፤ አንድ ሱቅ ነው። በሱቁም ውስጥ ሰዎቹን ሳይሆን መስኮት ላይ የሚቆሙትን የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች ነው። እነሱም ራስ የላቸውም። ግን አንቺን ይንሳኝ፣ ከነሱ የተሻለ ደንበኛ አይገኝም፤ ጠበበኝ አይሉ፣ ሰፋኝ አይሉ፣ መስታወት አምጣ አይሉ።

ሁለተኛው ዜና በእጅሽ የያዝሽው ነው። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። ከማታ ትምህርቱ አንደኛ ወጣሁ፤ ከኋላ ወንበር አንደኛ ማለቴ ነው። አስተማሪዋ የጻፍኩትን አየችና ይሄን የሚያህል ፊደል የምትጽፈው ለግድግዳ ነው ወይ፣ አንድ መስመር ላይ አራት ቃል ብቻ፣ ወረቀት በነፃ የሚታደል መሰለህ እንዴ ብላ ተቆጣችኝ። ለእህቴ ነው አልኳት። ሌላ ወረቀት አቀበለችኝ። እንግዲህ ፖስታው የወፈረው ለዚህ ነው፤ ወሬ አብዝቼ እንዳይመስልሽ። አብዝቻለሁ፣ ግን ለዚያ አይደለም።

ያለፈውን ደብዳቤሽንም እንደ ጥሬ እየለቀምኩ ራሴ አነበብኩት። ሐኪሙ የዓይንሽ ሞራ ሳይጠና ይገፈፍ ብሎሻል፤ አንቺ ደግሞ ዓይኔን ስለት አላስነካም ብለሽዋል። ከዚያ ኮት ሰፍተሽ ላክሽልኝና ፍርዱን እኔ ላይ ጣልሽው። «ይህን ማንም ሳያግዘኝ ሰፍቻለሁ። ልክ ከሆነ ዓይኔ ደህና ነው፣ ሐኪሙም ይተወኝ። ካልሆነ እሄዳለሁ። አንተ ውሸታም፣ ለአንዴ እንኳ እንዳትሸነግለኝ» ብለሻል። ስድብሽን በራሴ ዓይን ማንበቤ ደስ አለኝ። ሌላው ሲያነብልኝ ይዘለው ነበር ለካ።

እመልስልሻለሁ። ግን ኮትሽ እዚህ ምን እንደገጠመው ሳልነግርሽ መልሱ አይገባሽም። እኔም ያናደደኝን ነገር ካልነገርኩሽ አይቀለኝም።

የሱቁ ባለቤት ስም አላት፤ እኛ ግን ዘንድሮ ነው የምንላት። የሁሉ ነገር መልሷ «የዘንድሮ ነው» ስለሆነ። አምና ሱሪ ሁለት ሰው የሚያስገባ ነበር፤ ሰዉ መንገዱን በሱሪው እየጠረገ ነበር የሚሄደው። ምነው ብትያት፣ የዘንድሮ ነው። አሁን ደግሞ ጉልበቱ የተቀደደ መጣ። የመጀመሪያውን ጭነት ስፈታ አይጥ ገብቶበታል ብዬ ጮህኩ። ለካ አይጡ ፋብሪካ ውስጥ ደመወዝተኛ ነው! አንቺ የእኔን ጉልበት ስትጥፊ ጣትሽ የተነደለው ለምን ነበር? ቀዳዳዬን ሰው እንዳያይብኝ አልነበረም? እዚህ ሰው ቀዳዳውን ገዝቶ፣ በከረጢት አስጠቅልሎ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ይሄዳል። ወቅቱ እንኳ ወቅቱን አይጠብቅም፤ ላባችን ሳይደርቅ መስኮቱ ላይ ወፍራም ኮት ይሰቀላል፣ ጥርሳችን ከብርድ ሲንገጫገጭ ደግሞ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ይወጣል። እንደኔ ያለው አልባሽ በሙቀት ብርድን፣ በብርድ ሙቀትን ሲያለብስ ይኖራል።

እኔ ለአለባበስ የራሴ ሕግ አለኝ። ካንተ ቀድሞ ቤት የሚገባ ልብስ አትልበስ። ጎንበስ ብለህ ጫማህን ማሰር ካልቻልክ ሱሪው የሌላ ሰው ነው። ቀዳዳ በሥራ ይመጣል እንጂ አይገዛም። ወንድ ልጅ እጁን ኪሱ ከትቶ አይሄድም፤ የሰረቀ ይመስላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልብስ ከውጭ ይለበሳል እንጂ ከውጭ አይታይም፤ ገልብጠህ ስፌቱን እይ። ሱቁ ውስጥ አብራኝ ለምትሠራው ሻጭ ይህን ስነግራት ከየት አመጣኸው አለች። ከራሴ አልኳት። ግማሹ ያንቺ ነው። እሺ፣ ሁሉም ያንቺ ነው።

ወደ ኮቱ ልምጣ። የመስኮቱ ልብስ በሚለወጥበት ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሼው ወጣሁ። ትከሻው፣ እታለም፣ ትከሻው ሰውን ቀና የሚያደርግ ነው፤ የሠፈሩ ውሻ እንኳ ሳይጮህብኝ አለፈ። መንገድ ላይ ግን የግራ እጄን ብቻ በረደኝ። ነፋሱ ከግራ ነው ብዬ ማዶ ተሻገርኩ፤ ማዶም ነፋሱ ግራዬን ፈልጎ አገኘው። እጄን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ፣ የራሴን ሕግ ጥሼ። ለምን ብዬ ግን ወደ ታች አላየሁም። ማየት አልፈለግሁም መሰለኝ።

ሱቅ ስደርስ መስቀያው ሁሉ ተይዟል። ኮቱን አውልቄ ራቁቷን በቆመች አንዲት አሻንጉሊት ላይ ጣል አደረግሁና የሌሎቹን እጅ መንቀል ጀመርኩ፤ እጃቸው ካልተነቀለ ሸሚዝ አይገባላቸውም። ዘንድሮ ገባች፤ ከኮቱ ፊት ቆማ ቀረች። ይሄ መቼ ገባ አለች። መልስ አልጠበቀችም፤ ሻጯን ጠርታ፣ የግራውን እጅጌ አየሽው፣ አሳጥረውታል እኮ፣ እንዴት ያለ ድፍረት ነው አለቻት። ሻጯ ለሁሉ ነገር እሺ የምትል ናት፤ ልብ ይሰርቃል አለች። እኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ኮቱ የእኔ ነው ልል አፌን ስከፍት አሻንጉሊቷ መስኮቱ መሀል ቆማለች። ልዋሽሽ አልችልም፣ ትንሽ ደስም አለኝ። የእህቴ ኮት መስኮት ላይ!

ደስታዬ ሳይበርድ አንድ ደንበኛ ገባ። ሽቶው ቀድሞት ስለሚገባ ሽቶ ነው የምንለው። ኮቱን ለበሰ፣ መስታወቱ ፊት ሁለት እጁን እንደ አሞራ ዘረጋ፣ አጭሩን እጅጌ አየ፣ ረጅሙን አየ፣ ፈገግ አለ። የየት ሥራ ነው ሲል ዘንድሮ ዓይኗን ሳታሽ የባሕር ማዶ ነው አለችው። ሽቶም አገጩን እያሻሸ ሆን ተብሎ መሆኑ ያስታውቃል አለ፤ እኩል የሆነ ነገር እኮ ይሰለቻል አለ።

ሆን ተብሎ! አንቺ ብርሃን ፍለጋ በር ላይ ተቀምጠሽ፣ መርፌዋን በጣትሽ እየዳበስሽ፣ ክሩ አልገባ ሲልሽ ጎረቤት ላለመጥራት ከንፈርሽን ነክሰሽ የሰፋሽውን፣ ሆን ተብሎ አለው። በቀዳዳ ሱሪ የሳቅሁት ሳቅ ሁሉ እዚያው አለቀ።

ኮቱ የእኔ ነው፣ የሰፋችውም እህቴ ናት አልኩ። ዘንድሮ የምታፍር መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ አጨበጨበች። ታዲያ እህትህ አስር ትስፋልን፣ ግራውን እንዲሁ አሳጥራ፣ አንተም ከፍ ትላለህ አለች። እህቴ እጅጌ ማሳጠር አታውቅም አልኳት። ሳቀችና ይሄ ምንድን ነው ታዲያ አለችኝ። እሱ ዓይኗ ነው አልኳት።

ሽቶ እጁን አጠፈ። ዘንድሮ ግን ጥቂት አሰበችና፣ ቀስ ብላ፣ እና ማን ያውቃል አለችኝ።

ከሁሉ የጠላሁት ይህን ነው። ኮቱን ከሽቶ ትከሻ ላይ ራሴ ገፈፍኩት። ዘንድሮም ከመስኮቱ አንስታ ጓዳ ካለው ካውያ ጋር አጋብታኛለች፤ ሲተኮስ ያጨሳል፣ እኔም አጨሳለሁ፣ ተስማምተናል። ስለዚህ ከተማውን አለብሳለሁ ያልኩሽ አሁን ከተማውን እተኩሳለሁ ተብሎ ይነበብ።

እታለም፣ ትእዛዙን ብልክልሽ እንዴት እንደምትደሰቺ አውቃለሁ። አስሩን ትሰፊያለሽ፣ ያሞግሱሻል፣ ሐኪሙን ትረሺዋለሽ። ከዚያ ሌላ አስር ያዝዙሻል፤ አሁን ደግሞ ኮሌታው ተጣሞ ይመጣል፣ አሁንም እልል ይላሉ። በጭብጨባ መሀል ይጨልምብሻል። ወቅቱ ሲያልፍ እነሱ ኮቱን አውልቀው ይጥላሉ፤ አንቺ ግን ጨለማሽን የት ታወልቂዋለሽ?

ክፍሌ ገብቼ ኮቱን እንዳስተማርሽኝ ገለበጥኩት። ከብብቱ ሥር ስፌቱ መንገዱን ስቶ ሄዶ ሄዶ ተመልሷል። አንድ ቦታ ላይ በጣትሽ ዳብሰሽ ያልተሰፋ መስሎሽ ሦስቴ ደርበሽበታል። ደግነትሽን አየሁት፤ ግን ሌላም ነገር አየሁ።

እንግዲህ ፍርዱ ይኸውልሽ። ትከሻው ልክ ነው። ኮሌታው ልክ ነው። የግራው እጅጌ ከቀኙ ሁለት ጣት ያጥራል። ሂጂ። ስለቱን አትፍሪ፤ እዚያ ያለው ሰውዬ ቢያንስ የሚቆርጠውን አይቶ ነው የሚቆርጠው። ኮቱን ሌላ ሰፊ አልነካውም፤ ብርዱ አልፎ ሌላ ብርድ ቢመጣም እንዲሁ እለብሰዋለሁ። ዓይንሽ ሲበራ መጥቼ በር ላይ ተቀምጬ እጄን እዘረጋልሻለሁ፣ ራስሽ ታስተካክዪዋለሽ፣ እየሰደብሽኝ።

እጅሽን ከመኪናሽ አያለያይብኝ። ፊት ለፊትሽ የቆመውን ሰው ሳይጠራሽ የምታውቂበትን ዘመን ያምጣልሽ። በአንቺ የደረሰው ብርድ ሁሉ በእኔ ግራ እጅ ይለቅ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ጉልበቱን የጣፍሽለት

ከፈረምኩ በኋላ ወረቀቱን አጥፌ ነበር፤ እንደገና ዘረጋሁት። ውሸታም ያልሽኝ እኔ በዚህ ደብዳቤ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። የቀረውን አጋንኜ መልሼ ቀንሼልሻለሁ፤ እሱን ግን አሳንሼ ዝም አልኩ። ሁለት ጣት አይደለም፣ እታለም። እጄን አስቀምጬ ለካሁት፤ አራት ጣቴ ገብቶ አውራ ጣቴም ቦታ አላጣም። ይህን ስታነቢ አትቀመጪ። ነጠላሽን አንሺና ሂጂ።