ወደ ቴፒ የላክኩት የቁንዶ በርበሬ መድኃኒት

ሰኞ

አባባ ደወሉ። ቂሊንጦ፣ ፋብሪካው በር ላይ፣ የምሳ እረፍት ላይ ነበርኩ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ "ቁንዶ በርበሬው እየሞተብኝ ነው" አሉ። ቴፒ ካለው ማሳቸው በታች በኩል ያሉት ሐረጎች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ግንዳቸው አፈሩ ጋ ጠቁሯል፣ ሲነኩት ይላላጣል፣ ይሸታል።

"ውኃ በዝቶባቸው ይሆናል" አልኳቸው። ምን አውቃለሁ? የእኔ ሥራ የልብስ ስፌት መቆጣጠር ነው።

እማዬ ካረፈች በኋላ እዚህ ገላን አብረን እንኑር ብዬ ስለምናቸው "ይሄን ትቼ የት እሄዳለሁ?" ነበር መልሳቸው። "ይሄን" የሚሉት ቁንዶ በርበሬውን ነው። አብራኝ ትኖር የነበረችው ጓደኛዬ ሂሩት ደግሞ አግብታ ወጣች። አሁን ቴሌቪዥን የምከፍተው ለድምፁ ነው።

ማክሰኞ

የቀበሌያቸው የግብርና ባለሙያ ማሳው ድረስ ሄዳ አየችላቸው። ፈንገስ ነው አለች። ከአፈር ተነስቶ በዝናብ ውኃ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል። የሞተውን ነቅሎ ማቃጠል። ውኃ እንዳይተኛ ቦይ መቅደድ። ያልታመመውን ደግሞ መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት መርጨት፣ ሥሩም ላይ ማፍሰስ። ቴፒ ያለው ሱቅ ግን መድኃኒቱ አልቋል። እኔ እዚህ ፈልጌ እልካለሁ አልኩ።

የሚያሳፍር ነገር ልጻፍ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ "ሁሉም ቢሞት አባባ ይመጣሉ" አልኩ በሆዴ። የሂሩትን ክፍል እሰጣቸዋለሁ፣ ፀሐይ ይገባዋል፣ እያልኩ። ከዚያ ራሴን ጠላሁት።

ረቡዕ

ፈረቃ ተቀያይሬ ሳሪስ ሄድኩ። የመጀመሪያው ባለሱቅ የተባይ መድኃኒት አወጣልኝ። "ሁሉንም ይገላል፣ እህቴ።" ሁሉንም የሚገል አልፈለግኩም፣ ወጣሁ። አቦ ቤተ ክርስቲያንን አለፍ ብሎ ያለችው ባለሱቅ ግን ጠየቀችኝ፤ "ምኑን ነው ያመመው? ቅጠሉን ወይስ ሥሩን?" ማሸጊያውን አዙራ ጊዜው እንዳላለፈ አሳየችኝ። "የበሰበሰውን አያድንም፣ ያልተያዘውን ነው የሚጠብቀው። ቶሎ ይድረስላቸው" አለች። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንትም ገዛሁ።

ከዚያ መናኸሪያ። የቴፒው አውቶቡስ ረዳት "መርዝ ከሰው ጋር አልጭንም" አለኝ። ልክ ነው። ይዤው ተመለስኩ፣ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት። ውጭ ይዘንባል።

ሐሙስ

ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፣ የወሎ ሰው። ግድግዳ እንጋራለን። ሳላቸውን ሳይቀር አውቀዋለሁ፣ በራቸውን ግን አንኳኩቼ አላውቅም። ዛሬ አንኳኳሁ፤ ወዲያው ልመለስ ስል ባለቤታቸው ወይዘሮ ከድጃ ከፈቱ።

"ግቢ እንጂ! ሰው በር ላይ ይቆማል?"

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ጋሽ ሰይድ ነገ ማለዳ ሲሚንቶ ይዘው ወደ ሚዛን ከተማ ይነሳሉ። "ሚዛን ከደረስኩ ቴፒ ምን አላት!" አሉና ዕቃውን በሸራ ጠቀለሉት።

"አሁን ብቻሽን ነሽ እንዴ?" አሉኝ ወይዘሮ ከድጃ። አዎ አልኳቸው።

ቅዳሜ

ደረሰ! ማሸጊያውን በስልኬ ፎቶ አንስቼው ስለነበር ደውዬ አጠቃቀሙን ለአባባ አነበብኩላቸው።

"መሸፈኛውን ሳያደርጉ እንዳይነኩት።"

"እሺ።"

"ነፋሱን ጀርባ ይስጡት። ሲጨርሱ ይታጠቡ፣ ልብስዎንም ይቀይሩ።"

"አንቺ ልጅ፣ ሕፃን አደረግሽኝ እኮ!" ብለው ሳቁ። ከእማዬ ቀብር ወዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

ዝናቡ ሲያባራ እጀምራለሁ አሉ። ከሰዓት በኋላ ስደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ። ሽታው ጥሏቸው ቢሆንስ? ማን ያያቸዋል? ወይዘሮ ከድጃ ጋ ሄድኩ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

እሑድ

ደህና ናቸው! መብራት ጠፍቶ ነው፣ ስልካቸው ባትሪ ጨርሶ። ረጭተው ጨርሰዋል፣ ሥሩም ላይ አፍስሰዋል። እማዬ የተከለችው ረድፍ ግማሹ ተነቅሏል። የማሳው የላይኛው በኩል እስካሁን አረንጓዴ ነው። ባለሙያዋ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ተርፏል ማለት አይቻልም ብላለች።

"ባዶው ቦታስ?" አልኳቸው።

"አፈሩ ይረፍ። ከዚያ እተክላለሁ።"

እተክላለሁ አሉ። እንግዲህ አይመጡም ማለት ነው።

"ጥሩ ነው፣ አባባ" አልኩ። ከልቤ ነው።

ልሰናበታቸው ስል "ለለቀማ ብትመጪ" አሉ። እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ነገ አለቃዬን የዓመት ፈቃድ እጠይቃቸዋለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።