ቀዛፊዋን ከሞት ስላስነሱልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ደራሲ፣ የ«ከሰል ዙፋን» አሥራ አንድ ቅጾች ፈጣሪ፣ የሙታንና የሕያዋን አዛዥ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ሆነ ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው። እርስዎ በሚያስተዳድሩት ዓለም ሞት እንደ ጉንፋን በሳምንቱ የሚለቅ ነገር ቢሆንም፣ እኛ ተራ አንባቢዎች በምንኖርበት ግን አንዴ የሄደ ሰው ስለማይመለስ ጤና ትልቅ ነገር ነው።

እኔ የመስኮትና የመስታወት ቆራጭ ነኝ። ከመጻሕፍትዎ ጋር ያስተዋወቀችኝ ፀጉር ሠሪ የነበረችው ታናሽ እህቴ ናት። ቅጾችዎን በፀጉር ቤቷ መደርደሪያ ላይ ከሻምፖው ጎን ደርድራ፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ለተቀመጡ ደንበኞቿ ታሪኩን እየጮኸች ትተርክላቸው ነበር። ገዳዩ መንፈስ ከጉድጓዱ የወጣበትን ምዕራፍ ስትተርክ፣ አንዲት ደንበኛ ፀጉሯ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ወደ መንገድ ሮጣ መውጣቷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ከገጸ ባሕርያትዎ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ቀዛፊዋን ነበር፤ ያቺን በጥቁሩ ወንዝ ላይ ተሰዳጆችን በጀልባ የምታሻግረውን፣ አፏ የማያርፍ ሴት። ሰባተኛው ቅጽ ሲወጣ እህቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ሐኪሞቹም ዓይናቸውን ከእኛ ማሸሽ ጀምረው ነበር። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩላት። ቀዛፊዋ የተሰዳጆቹ ሕፃናት ተሻግረው እስኪያልቁ የጀልባውን ገመድ ይዛ፣ የወንዙ ጥላዎች እየበሏት፣ ሳትለቅ የሞተችበትን ምዕራፍ ስጨርስ ቶሎ ብዬ መጽሐፉን ከደንኩት። እህቴ ግን በረጅሙ ተነፈሰችና፣ «ይኼ ሰውዬ አልዋሸም» አለችኝ። «ሁላችሁም ትድኛለሽ እያላችሁ ትዋሹኛላችሁ። እሱ ብቻ አልዋሸኝም።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሞቷ ከእኔ ጋር በግልጽ መነጋገር ቻለች። ፀጉር ቤቱ ምን እንደሚሆን፣ እናታችንን እንዴት እንደምይዛት፣ የትኛውን ልብሷን ለየትኛዋ ጓደኛዋ እንደምሰጥ ሁሉን ነገረችኝ። ያንን ምዕራፍ የጻፈውን እጅዎን ያን ጊዜ አመስግኜዋለሁ። ያ ምስጋና እውነተኛ ስለነበር ከዚህ በታች ከሚከተሉት ምስጋናዎች ጋር እንዳይቀላቀልብዎ አደራ እላለሁ።

እናቴ በቀብሩም ሆነ ከቀብሩ በኋላ አላለቀሰችም። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሲያለቅስ እሷ ወንበር ታስተካክል ነበር። ልቦለድ የሚባል ነገር በእጇ ነክታ የማታውቀው እናቴ አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጣችና፣ ከተቆራረጠው መስታወት መሃል ቆማ፣ «ልጄ መጨረሻ ላይ የሰማችውን አንብብልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት። ጥላዎቹ ምን እንደሆኑ፣ ድግምቱ ከየት እንደመጣ አልገባትም። ቀዛፊዋ ገመዱን ይዛ የቀረችበት ላይ ስደርስ ግን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ስምንተኛውን፣ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን አብረን አነበብን። ታሪኩ ውስጥ የቀዛፊዋ ስም በተነሳ ቁጥር እናቴ አብራት እንዳደገች ጎረቤት «ነፍሷን ይማር» ትል ነበር።

እነሆ አሥራ አንደኛው ቅጽ ወጣ። ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ባለሥልጣን በቁጥር ሲነግሩት እንደሚገባው ሰምቻለሁና።

፩ኛ፦ ስለ ውፍረቱ። ንጉሡ ለግብዣው የጦር ልብሱን ለብሶ እስኪጨርስ እናቴን ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዷታል። ስለ ዕረፍቷ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ስለ ግብዣው። የአዳራሹ በር ተከፈተና ቀዛፊዋ እየሳቀች ገባች። ገመዱን ይዛ የሞተችው እሷ ሳትሆን ከአስማት መስታወት የወጣች አምሳያዋ ኖራለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መስታወት ስቆርጥ ከመስታወት የወጣልኝ ነገር ቢኖር የጣቴ ደም ብቻ ነው። እርስዎ ግን ሙሉ ሴት ከነሳቋ አወጡ፤ ለሙያዬ ስላጎናጸፉት ክብር አመሰግናለሁ።

ለእናቴ ሳነብላት ይህን ልዘለው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ከአፌ ወጥቷል። እናቴ እጇን አነሳች።

«ቆይ። አልሞተችም ነበር ማለት ነው?»

«አልሞተችም ነው የሚለው፣ እማ።»

ዞር ብላ የቤታችንን በር አየች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ታዲያ የእኔዋስ?» አለችኝ።

ክቡር ደራሲ፣ የዚህን ጥያቄ መልስ በየትኛው ቅጽ ሊያወጡት አስበዋል? እናቴ ልጇ እንደማትመለስ አሳምራ ታውቃለች። ይህን የምታውቀውን ነገር አብራት የተሸከመች አንዲት ሴት ነበረች፤ እርስዎ ያችን ሴት ጠርተው ወደ ግብዣ ወሰዱባት።

፫ኛ፦ ስለ መልስዎ። መጽሐፉን ሊፈርሙ ወደ አንድ መጽሐፍ መደብር በመጡ ዕለት ተሰልፌ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ቀዛፊዋን ለምን እንደመለሷት ጠየቅኩዎት። ቀና ሳይሉ፣ ፈገግ ብለው፣ «አንባቢዎቿን ናፈቀቻቸው፤ መለስናት። በእኔ ዓለም ሞት ቋሚ መኖሪያ አይደለም» አሉ። ሰልፈኛው አጨበጨበ። «እህቴ...» ብዬ ስጀምር የመደብሩ ሠራተኛ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ተራው የሌላ ሰው ነው» አለኝ። ወጥቼ መጽሐፉን ስገልጠው «ተስፋ አይቁረጡ!» ብለው ፈርመውልኛል። ስለ ምክሩ እግዜር ይስጥልኝ፤ እኛ ቤት ግን ተስፋ የቆረጥነው በስንት ልፋት ነበር።

አራተኛው ስለ ፊደል ግድፈቶች ነበር። ተውኩት። እስካሁን በትሕትና ለመጻፍ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፤ ተቆጥቻለሁ። ናፈቀቻቸው ያሏቸው አንባቢዎች እኛ ነን። አዎ፣ ናፍቃናለች! ማታለልዎን ግን አልናፈቅንም። ናፍቆት ሰው የሚመልስ ቢሆን ኖሮ የእህቴ ፀጉር ቤት ዛሬ የሞባይል መለዋወጫ መሸጫ አይሆንም ነበር። አንዲት በጠና የታመመች ሴት ከሰው ሁሉ መርጣ አንድ ሰው አምና ነበር፤ እርሱም እርስዎ ነበሩ። አራት ቅጽ ቆይተው ውሸታም አደረጓት፤ እሷ ደግሞ መልስ መስጠት አትችልም። ስለዚህ እኔ እሰጣለሁ፤ ይህ ደብዳቤም በግልጽ የወጣው ለዚሁ ነው።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከፍ ካለው ወንበርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ከመጠን ካለፈ አክብሮት ጋር፣

የጀልባዎ የረጅም ዘመን ተሳፋሪ፣
መሃል ወንዝ ላይ ያወረዱት መስታወት ቆራጭ

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፦ እናቴ ንባቡን ካቋረጥን ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ «ቀጥል፤ የዚያችን ሴት መጨረሻዋን ልወቅ» አለችኝ። እኔ ቀድሜ አንብቤው ስለነበር ቀዛፊዋን ለንጉሡ እንደዳሩለት አውቃለሁ። ስለዚህ መጽሐፍዎን ከፊቴ ዘርግቼ፣ ገጹን በሰዓቱ እየገለጥኩ፣ ከራሴ ፈጥሬ አነበብኩላት። በእኔ ምዕራፍ ግብዣው ላይ የመጣችው የሟቿን መልክ የሰረቀች ጥላ ናት። ቀዛፊዋ ያሻገረቻቸውና አሁን ያደጉት ሕፃናት ያን ሌሊት ወንዙ ላይ ምን ብላ እንዳባበለቻቸው ጠየቋት፤ አንድም ቃል አላወቀችም። አባረሯትና ሟቿን እንደገና በክብር አለቀሱላት። እናቴ እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ «ይኼ ሰውዬ መጨረሻ ላይ ልብ ገዛ። ስታገኘው አመስግንልኝ» አለችኝ። ምስጋናው የእርስዎ ስላልሆነ ልኬልዎት አላስቸግርዎትም፤ እኔው ተቀብዬዋለሁ።