የአክስቴ የዴልሚራ አንጀትና ዝም ያለው ጂን

ውድ ሚልተን፣

እኛ ታኩዋሬምቦ ላይ ሰላም ተባብለን ሳንጨርስ፣ እዚህ ሞንቴቪዴዮ ሐኪም ሦስት በሽተኛ አይቶ ይሸኛል። የአክስቴ የዴልሚራ ጉዳይ ግን ጊዜ ወሰደ። ከትልቁ አንጀቷ የወጣው ዕጢ ካንሰር ነበር፤ ደግነቱ ሳይሰራጭ ተቆርጦ ወጥቷል።

ሐኪሟ «የሴሎችን ስህተት የሚያርመው ጂን አልጠፋም፤ አለ፣ ግን ተዘግቶ ዝም ብሏል። ስህተቱ ሲጠራቀም ዕጢ ሆነ» አለች።

አክስቴ የማቴ ሻዩን እየማገ ወደተቀመጠው ባሏ ዞረች። «እንደኛ ቤቱ ኦሌጋሪዮ ነዋ! አለ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ግን ዝም!»

«የሚያፈሰው'ኮ ሲዘንብ ብቻ ነው» አለ ኦሌጋሪዮ።

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ደስ የሚለው፣ የእርስዎ ዓይነቱ በዘር የሚወርደው አይደለም» ስትላት፣ የአክስቴ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ወዲያው ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ለልጇ ለኒዲያ ደወለች። «በዘር አይደለም! ከእንግዲህ ‹ለልጆቼ ካንሰር አላወርስም› እያልሽ ያን ላግባሽ የሚልሽን ምስኪን ሚልተንን እንዳታመላልሺው!» ተራ ጠባቂው ሁሉ አጨበጨበልህ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ ጠበበኝ። ኒዲያ «እሁድ ይምጣ» ብላለች፤ ያቺን አረንጓዴ ሸሚዝ ግን በእግዜር አትልበሳት። እናትህን ሳምልኝ።

ዋልዴማር