የታዴ ፖምፓና የፍየሉ ሳንባ

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት እየመጣ ነው። እስከ ዛሬ አንድ መስመር አልጻፍኩልህም፤ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እንባዬ ይቀድመኝ ነበር። ዛሬ ግን ሳልነግርህ ማደር አልቻልኩም። ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልህ፣ እንዳትቀየመኝ!

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ፍሬ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች። ጎሚስታ ቤትህን የጫት ነጋዴ ተከራይቶታል፤ ጎማ ትደረድርበት የነበረው ቦታ አሁን ጫት ይደረደርበታል። የባጃጅ ሾፌሮቹ ግን ከልማድ እዚያው ይቆሙና ጎማቸውን ረገጥ ረገጥ አድርገው ይሄዳሉ። ኮምፕረሰሩን ሸጥኩት። መብራት ሲጠፋ የምትጠቀምባትን የእጅ ፖምፓ ግን ለማንም አልሰጠሁም። አልጋችን ሥር ከትቻት ዓይኔ እንዳያያት በብርድ ልብስ ሸፈንኳት።

ክርክራችን ትዝ ይልሃል? ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ጭሮ የመጣሁ ሰሞን የጀመርነው፣ ከተጋባንም በኋላ ያልጨረስነው? እኔ የባዮሎጂ አስተማሪዋ ሳንባ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው ስልህ፣ አንተ የለም፣ ባዶ ከረጢት ነው፣ እንደ ጎማ ይነፋል፣ ይተነፍሳል፣ አለቀ ትለኝ ነበር። መጽሐፍ ገልጬ ሥዕሉን ባሳይህ፣ ወይ ፍንክች! ሥዕልማ ማንም ይሥላል አልከኝ። እንዴት እንደምታናድደኝ፣ እንዴት እንደምታስቀኝ!

ከዚያ ያ ሳል መጣ። ሐኪሞቹ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ። በመጨረሻ መተኛት አቅቶህ ትራስ ተደግፈህ ስትቀመጥ፣ ከደረትህ ያ ቀጭን ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ስለ አተነፋፈስ ስንቱን ተማሪ ያስተማርኩ ሴትዮ እጅህን ይዤ ከመቀመጥ በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ስለዚህ ዘንድሮ ከአሥረኛ ክፍሎቼ ጋር የሰው አካል ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ፈራሁ። ጨጓራን አስተማርኩ፣ ልብን አስተማርኩ። ሳንባ ላይ ስደርስ ግን ያ ሁሉ ተማሪ እያየኝ አልቅሼ ብወጣስ? ከወጣሁ ደግሞ እንደማልመለስ፣ ማስተማሩም በዚያው እንደሚያበቃ አውቀዋለሁ። እያማተብኩ ገባሁ። ገና ርዕሱን ሰሌዳ ላይ ከመጻፌ፣ ከፊት የምትቀመጥ ሰሚራ የምትባል ልጅ እጇን አውጥታ ምን ብትል ጥሩ ነው? ቲቸር፣ ሳንባ ውስጡ ባዶ ነው አይደል፣ እንደ ጎማ! በማርያም፣ አንተ የላክሃት ነው የመሰለኝ። እንባ ስጠብቅ ሳቄ አመለጠኝ። ነገ እውነተኛውን ታዩታላችሁ ብዬ ፎከርኩባቸው።

ጾም ስለሆነ የእኛዎቹ ሥጋ ቤቶች ዝግ ናቸው። ወደ ሙስሊም ሥጋ ቤት ሄጄ የፍየል ሳንባ ከነጉሮሮው ስጠኝ ብለው፣ ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝና ስንት ውሻ ነው ያለሽ አለኝ። ክፍል ሙሉ፣ ሁሉም አሥረኛ ክፍል የደረሱ አልኩት። ለምን እንደሆነ ሲሰማ እየሳቀ በነጻ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ፖምፓህን ከአልጋ ሥር አወጣኋት። በማግሥቱ ባጃጅ ውስጥ ሳንባው በፌስታል፣ ፖምፓዋ ጭኔ ላይ፣ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ ሄድን።

የፖምፓዋን ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ አስገብተን ጥፍር አድርገን አሰርነው። አብዲ የሚባለው ረጅሙ ልጅ መንፋት ጀመረ። ቢነፋ ቢነፋ ሳንባው ንቅንቅ አልል አለ። ከዚያ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ታዴ፣ ያ ድምፅ! ልጆቹ ሲስቁ እኔ በሩን ማየት ጀመርኩ። ልወጣ ነበር።

በዚያች ቅጽበት አንተ መጣህብኝ። ቀዳዳ በዓይን አይፈለግም፣ ውሃ ውስጥ ክተተው፣ ራሱ ይናገራል ስትል። ሳፋ አምጡ አልኩ! ዘበኛው የራሱን ጀሪካን ውሃ ገለበጠልን። ሳንባው አልሰምጥም ብሎ እጃችንን ወደ ላይ ሲገፋን ሰሚራ ጮኸች። አብዲ ነፋ። ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ! ከአንድ ጥግ አረፋው ተግተለተለ። የባለ ሥጋ ቤቱ ቢላ የነካው ቦታ ነው። ሰሚራ በጣቷ ቆንጥጣ ያዘችው፤ አብዲ ከኪሱ የጫት ማሰሪያ ሲባጎ መዞ ቋጠረው።

እንደገና ነፋን። ታዴዬ፣ ባየኸው! ጠቁሮ የተኮማተረው ነገር ሮዝ እየሆነ፣ እየተዘረጋ፣ እያበጠ ሲነሣ ክፍሉ ሙሉ ወንበር ላይ ወጣ። ሶምባ፣ ሶምባ እያሉ በኦሮምኛ ሲጮኹ ከጎረቤት ክፍል ሁሉ በመስኮት ተንጠለጠሉ። ከዚያ ቆርጬ ውስጡን አሳየኋቸው። ስፖንጅ ነው! ይኸውልህ፣ ባዶ ከረጢት አይደለም! ቀዳዳውን ያገኘው ግን ያንተ ዘዴ ነው። አንድ እኩል ወጣን።

ልጆቹ ሲበተኑ ሳፋውን ይዤ ብቻዬን ቀረሁና ያኔ አለቀስኩ። ያንተንም እንዲህ ነክሬ ቀዳዳውን ባገኘው ምናለ አልኩ። ፊቴን ታጥቤ ግን ወደሚቀጥለው ክፍል ሄድኩ፤ በሩ ላይ ተሰልፈው እየጠበቁኝ ነበር።

ዘዴው የማን እንደሆነ ጠይቀውኝ ስምህን ነገርኳቸው። አሁን ፖምፓዋን በስምህ ነው የሚጠሯት። ቲቸር፣ ነገም ጋሽ ታዴን ይዘሽልን ነዪ ይሉኛል፤ የዚህ አገር ልጆች አስተማሪን አንቺ ማለታቸውን እንደሆነ ከለመድኩት ቆየሁ። የሚኤሶ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተማሪም ሰምታ ጋሽ ታዴን ለአንድ ቀን አውሺኝ ብላ ደወለችልኝ። ባልሽ ይድረስልኝ የተባልኩ ያህል ኮራሁ!

አልረሳህም ብዬ መማል አያስፈልገኝም፤ ስምህ በየቀኑ በክፍል ውስጥ ይጠራል። ዘይት ቀብቼሃለሁ። አልጋ ሥርም አይደለህም፤ ጠዋት ስንወጣ እንድንይዝህ ከቦርሳዬና ከፍሬ ጫማ ጎን፣ በሩ አጠገብ ነህ።

ያንተው፣
ቲቸርህ