194,313 ቀን

ሰኞ

ምነው አፌን በቆረጠው! «አባባ፣ ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩኝ» አልኋቸው። አባቴ በቤተ ልሔም ደብር የበዓላትን አቆጣጠር ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ ዘንድሮ ግን ከእሳቸው ዘንድ አንድ ተማሪ የለም። እኔ ደግሞ አርብ ገበያ የሂሳብ መምህር ነኝ፤ ለዕረፍት ነው የመጣሁት። ትምህርቱ ከእሳቸው ጋር መቃብር እንዳይወርድ ፈርቼ ነው።

«የአስኳላ ሰው ይቸኩላል» አሉ። ተናደድሁ። ንዴቴን አይተው ፈተና ሰጡኝ፦ በዐቢይ ቀመር ውስጥ ስንት ቀን አለ? ያለ ስልክ። ካገኘሁት ያስተምሩኛል።

ዐቢይ ቀመር የበዓላቱ ተራ ሁሉ ተሟጦ እንደገና ከመጀመሪያው የሚጀምርበት ዙር ነው፤ 532 ዓመት።

ማክሰኞ

ይኼ ነው ፈተና? 532 ጊዜ 365፣ 194,180። ቀጣዩም ዙር በዚያው የሳምንቱ ዕለት መጀመር ስላለበት ለሰባት አካፈልሁት። ያለ ቀሪ! ሮጬ ነገርኋቸው።

«ጳጉሜን ስድስትን የት ጣልሻት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደምትሆን የማያውቅ ማን አለ? «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ወደ ማኅሌት ሄዱ። ሁለተኛ ዕድል ለመጠየቅ አፈርሁ።

ረቡዕ

ስሳሳት ሰባት ለምን አላጋለጠኝም? አሁን ገባኝ። 532 ራሱ 7 ጊዜ 76 ነው፤ በምንም ብታባዛው ለሰባት ይካፈላል። ዓመቱን 360 ቀን ብለውም ያልፈኝ ነበር! ተማሪዬ እንዲህ ቢያረጋግጥልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ቀስ ብዬ ጀመርሁ። አራት ዓመት 1,461 ቀን። እንዲህ ያለው አራት ዓመት በዙሩ ውስጥ 133 ጊዜ ይገባል። 194,313።

ከዚያ ቁጥሩን በተንሁት፦ 3 ጊዜ 7 ጊዜ 19 ጊዜ 487። ሰባቱ ሳምንቱ ነው። ዐሥራ ዘጠኙ ጨረቃ ወደ ቦታዋ የምትመለስበት ዓመት። ሦስትና 487 ሲባዙ አራቱ ወንጌላውያን የሚፈራረቁበት ዘመን፣ 1,461 ቀን። ፀሐዩም ጨረቃውም ሳምንቱም ባንድ ቁጥር ታስረው! ያለ ማሽን ይህን ያገኙት እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው?

ሐሙስ

ነገርኋቸው። ስሕተቴንም፣ ለምን እንዳታለለኝም። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ። «ልክ ነው።» ስለ 487 ስነግራቸው ቀና አሉ።

«ለምንም አይካፈልም?»

«ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም።»

«ኧረ ተይ! ይህን ሁሉ ዘመን በእጄ ሳገላብጠው፣ ውስጡ እንዲህ ያለ ነገር ኖሯል?» እንባዬ መጣ። ስለ ማስተማሩ ግን ምንም ሳይሉ ቀሩ። እኔም አልጠየቅሁ።

ዓርብ

ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ዐቢይ ቀመርን ጀምሮ የጨረሰ ሰው የለም። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ያዝሁት። ሁሉም እንደኔ እየያዘ ቢቀባበል ዙሩን ለመሙላት ስንት ሰው ይፈልጋል?»

በልቤ አካፈልሁ። ሳልቸኩል። «ዐሥራ ዘጠኝ።»

«የእኔ ድርሻ ሞልቷል» አሉና ተማሪ የሚቀመጥበትን አጎዛ ከፊታቸው አነጠፉ።

ተቀመጥሁ። ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተመላለስሁ እዘልቀው ይሆን? እንጃ። ሃያ ስምንት ዓመት ብዙ ነው።