ጥፋተኛው ምንጣፋችን ስለመሆኑ

ለክቡር ሮዲዮን ማካሮቪች
የቫርኒካ ወደብ የአየር ጥራት ክትትል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ያ ረጅም የዋልታ ጨለማ አልፎ ፀሐይ ከተመለሰች ወዲህ ፊትዎ ወዛ ብሎ በማየቴ ደስ ብሎኛል፤ እኛም ከሳሉ በቀር ደህና ነን። ግላፊራ ሳቬልየቭና እባላለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ በወደቡ ክሬን የድንጋይ ከሰል ስጭን ኖሬ፣ ዛሬ በጡረታ የልጅ ልጄን የማሳድግ ሴት ነኝ። ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. የአየር መለኪያውን ከከሰሉ ክምር አርቀው፣ አቧራው ዝር ከማይልበት ኮረብታ ላይ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ የእንፋሎት መታጠቢያ ጀርባ ስላስተከሉልን እናመሰግናለን። መሣሪያም ንጹሕ አየር ያስፈልገዋል፤ ከክምሩ አጠገብ ባለው መዋዕለ ሕፃናት አጥር ላይ ቢተከል ኖሮ ይታመምብን ነበር።

፪. እንደሚያውቁት እኛ ምንጣፋችንን የምናጸዳው አዲስ በረዶ ላይ ደፍተን በመደብደብ ነው። በእናቶቻችን ጊዜ ምንጣፉ ይነጻ፣ በረዶው ይቆሽሽ ነበር። ዛሬ ግን ምንጣፉ ከበፊቱ ጠቁሮ ይነሳል። ስለዚህ የመንደሩ ሴቶች ተማክረን ነጭ በረዶ ፍለጋ ወጣን፤ በመላው ቫርኒካ ያገኘነውም ከእርስዎ መለኪያ ሥር ብቻ ነው። ምንጣፎቻችንን በበረዶ ጋሪ ጎትተን እዚያው እየተሳሳቅን ስንደበድብ ዋልን። መሣሪያዎም ከተተከለ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የማስጠንቀቂያ ጩኸቱን አሰማ።

፫. በማግስቱ ሱቁ በር ላይ ባስለጠፉት ማስታወቂያ የመንደራችን የአየር ብክለት ምንጭ እንደተደረሰበትና እሱም የቤት እመቤቶች ምንጣፍ መሆኑን አበሰሩን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። ያ አቧራ ምንጣፋችን ውስጥ ከየት እንደገባ መጠየቅ ለእርስዎ ማዕረግ የሚመጥን ሥራ አለመሆኑን እንረዳለን። እንደኔው ከሰል ስትጭን የኖረችው ጎረቤቴ ፔላጌያ ግን ማስታወቂያውን አንብባ ስታበቃ፣ «ለካ ይሄን ሁሉ መርከብ የሞላሁት ሳሎኔን እየጠረግኩ ነው» አለች።

፬. ይህን ሳልቀልድ ልጻፈው። የልጅ ልጄ ኡስቲኒያ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ስትመለስ ጓንቷ ጥቁር ነው፤ ስታስልም ታድራለች። አስተማሪዋ «አየሩ ንጹሕ ነው» የሚለውን ሪፖርትዎን አምና ልጆቹን ውጭ ታጫውታለች፤ ሐኪሟ ደግሞ ልጅቷን ወደ ደቡብ ካልወሰድሽ ሳንባዋ ይጎዳል ትለኛለች። እናቷ በሕይወት የለችም፣ እኔም ሌላ አገር የለኝም፤ ፈርቻለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ መለኪያውን ከኮረብታው አውርደው መዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ላይ ይትከሉልን። ማጓጓዙ እንዳያስቸግርዎ ጋሪ አዘጋጅተናል።

ንጹሕ አየርዎን ያዝልቅልዎ እያልኩ፣ ምላሽዎን በትሕትና፣ በትዕግሥትና በሳል የምጠባበቅ፣

የብክለት ምንጭ የሆነው ምንጣፍ ባለቤት፣
ግላፊራ ሳቬልየቭና

ማሳሰቢያ፦ መሣሪያው በጮኸበት ሰዓት የመደብደቡ ተራ የባለቤትዎ ነበር። ወይዘሮ ሊዲያ ከሳሎናችሁ ምንጣፍ የሚወጣውን ጥቁር አቧራ አይተው ዱላውን አስቀመጡና፣ «ልጄ የሚድኸው እዚህ ላይ ነው እኮ» አሉ። ከላይ የጠቀስኩትን ጋሪ ያዋሱንም እሳቸው ናቸው።